መልስ፦ ከአውሮራ ወደ ብሬክንሪጅ (ኮሎራዶ) በስኖው ወቅት ብቻዬን መንዳት

እህቴ፣ «በኮሮላ ብቻዬን እደርሳለሁ ወይ?» ላልሽው፣ ትደርሻለሽ፤ ወሳኙ ግን ጎማሽ ነው። ወደ ተራራው በሚወስደው አውራ ጎዳና በአይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ። እንደ ኮሮላሽ ሞተሩ ሁለቱን ጎማ ብቻ ለሚያዞርለት መኪና ወይ የጥርሱ ጥልቀት ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የስኖው ጎማ፣ ወይ ሰንሰለት መያዝ ግድ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ለጭቃና ለስኖው) የሚል ጎማ ሕጉን ያሟላል፤ ለእኔ ግን አይበቃም። የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ግዢ፤ ላስቲኩ በብርድ አይደርቅም።

ሰንሰለት የሚታሰረው በፊት ጎማዎች ላይ ነው፣ ኮሮላን የሚጎትቱት እነሱ ናቸውና። ጎማው ጎን ላይ በተጻፈው ቁጥር ልክ ግዢና ቤት ደጃፍ ላይ ተለማመጂ። ትንሽ ከነዳሽ በኋላ ቆመሽ እንደገና አጥብቂው፤ ከላላ ተበጥሶ መኪናውን ይመታል። በሰንሰለት በሰዓት ከ30 ማይል በላይ አትንጂ።

ከባዱ ቦታ 11,000 ጫማ ከፍታ ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ በኋላ፣ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ዋሻው ውስጥ ያለው ደረቅ አስፋልት አያታልልሽ፤ ሳትወጪ ፍጥነት ቀንሺ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጊ። ፍሬን ላይ እግር ጥሎ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፣ በረዶ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። ከዚያ መውጫ 203፣ ፍሪስኮ፣ መንገድ 9።

ቅዳሜ ጠዋት አትውጪ፣ መንገዱ ይዘጋጋል። ኮትሪፕን (COtrip፣ የኮሎራዶ የመንገድ ሁኔታ ድረ ገጽ) ሳታዪ አትነሺ፤ ቤንዚን ሙሉ፣ ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ የማይረጋ የመስታወት ውሃ ያዢ። መንገድ ላይ ከቆምሽ ሞተር ከማስነሳትሽ በፊት ማርሚታውን ከበረዶ አጽጂ፤ ከተደፈነ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሺው፣ መስኮትም ትንሽ ክፈቺ።