ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሴቶች ሥራ፣ ከፋብሪካ እስከ ቤት ስፌት

ድሬ ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሠራተኛ አስተዳደር ነው። ጠይቁኝ፣ ግን ደመወዝ ስንት ነው አትበሉኝ።

የቀፊራዋ፦ አቦ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ስንት ይከፍላል?

መልስ፦ ምን አልኩ? በሩ ላይ ሄደሽ ጠይቂ።

ከጀጎል፦ እኔና እናቴ ቤታችን መሶብና ሙዳይ እንሰፋለን። ነጋዴዋ ስንደዶውንና ክሩን በዱቤ ሸጣልን ያለቀውን ራሷ ትገዛለች፣ ሒሳቧን ቆርጣ። "ደንበኞቼ እንጂ ሠራተኞቼ አይደላችሁም" ትላለች።

መልስ፦ ይቺን ነበር የምጠብቀው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 46ን አንብቢ። ቤቷ ሆና፣ አሠሪው ቆሞ ሳያሠራት፣ በክፍያ ዘወትር የምትሠራም የሥራ ውል አላት። ዕቃ ሸጦላት ሥራዋን መልሶ የሚገዛትም ከዚሁ አያመልጥም፣ ሕጉ ይሄን ብልጠት ቀድሞ አስቦበታል። አንቀጽ 47 ደግሞ አሠሪው መዝገብ ይያዝ ይላል፦ ስም፣ አድራሻ፣ የሥራው ዓይነትና ዋጋ፣ የሰጠው ዕቃ። እሷ ካልያዘች አንቺ ያዢ። በደብተር፣ ከነቀኑ፤ ስንት ክር ወሰድሽ፣ ስንት መሶብ አስረከብሽ፣ ስንት ብር ተቆረጠ። በቴሌብር ከላከችልሽ መልእክቱን እንዳታጠፊው። ላገኛችሁት ገዢ ሁሉ የምትሸጡ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ነጋዴ ናችሁ።

ከሳቢያን፦ የቤት ሠራተኛም በዚሁ ትታያለች?

መልስ፦ አትታይም። ሰው ቤት የምትሠራ ሌላ፣ ቤቷ ሆና የምትሠራ ሌላ።

የከዚራው፦ እውነት እናውራ ከተባለ፣ ሴት ቀጥረህ ሥራውን ስትለምድ ወልዳ ትቀራለች።

የገንደ ቆሬዋ፦ አንተን ማን ወለደህ?

የከዚራው፦ ስለ ወጪ ነው ያወራሁት! ልብስ ስፌት ቤት አለኝ።

የገንደ ቆሬዋ፦ ትርፍ ሰዓትስ ትከፍላለህ?

የከዚራው፦ በቁራጭ ነው የሚሠሩት፣ ምን ትርፍ ሰዓት አለው?

መልስ፦ መጋላ ገበያ አታድርጉት። የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ነው፤ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 አትሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም አትታዘዝም። አረገዘች ብሎ ማባረርማ ጭራሽ የለም።

ከሐረር፦ ፋብሪካ ይሻላል ወይስ የራስ ሥራ?

መልስ፦ ለማን? ምን ትችያለሽ? ማሽን ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለውን አልመልስም።

የቀፊራዋ፦ እሺ ደመወዙን ተዪው። ከበፊቱ ሥራዬ ስለቅ ትርፍ ሰዓቴን ከልክለውኛል።

መልስ፦ መቼ? የትርፍ ሰዓት ክስ በ6 ወር ይዘጋል። ያለ አግባብ ተባርሬአለሁ፣ ልመለስ የምትል ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው ያላት። ደብተር ይዘሻል?

የቀፊራዋ፦ አልያዝኩም።

መልስ፦ ምን ስል ነው የዋልኩት? አብረውሽ ያመሹትን ለምስክር ፈልጊ። ከዚያ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሂጂ፣ በጠዋት።