ከሰዓት በኋላ የሚጥለኝ ድካም ከስኳሩ ነው ወይስ ከጾሙ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ52 ዓመት ሴት ስሆን አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ 7 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምወስደው ግሊቤንክላማይድ ተጨምሮልኛል። አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፤ በጾም ቀን ክኒኖቼን በውሃ ውጬ ከቤት እወጣና እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። ችግሬ ድካም ነው። በጾም ቀን 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን ሰውነቴ ይዝላል፤ አንዳንዴም ያልበኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። በፍስክ ጊዜም ቢሆን ከምሳ በኋላ ዓይኔ እየተከደነብኝ የያዝኩትን ወረቀት ማንበብ ያቅተኛል። ከዚህ ሌላ ውስጥ እግሬን ይቆጠቁጠኛል። ባልደረቦቼ «ስኳርሽ ወርዶ ነው» እያሉ ለስላሳ ያስመጡልኛል፤ ስጠጣው ለጥቂት ጊዜ ነቃ እልና ከዚያ ይብስብኛል። ምን ልብላ? ጾሙንስ ልተው?
ወ/ሮ አ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የተከበሩ ወይዘሮ፣ ስለ ምግቡ ከመጻፌ በፊት ነገ ዛሬ ሳይባል መስተካከል ያለበትን ነገር ላስቀድም። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ ምግብ ቢበሉም ባይበሉም ሥራውን ይሠራል፤ ኃይሉም ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይቆያል። ስለዚህ በባዶ ሆድ ውጠውት እስከ 9 ሰዓት ሲቆዩ የሚያልብዎትና የሚያንቀጠቅጥዎት ስኳርዎ ከሚገባው በታች ስለሚወርድ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሲበረታ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ክኒኑን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡት፤ ነገር ግን ሳይበሉ አይውሰዱት፤ የሚቀጥለው ጾም ሳይገባም ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንሰው፣ ሰዓቱን ወደሚበሉበት ጊዜ ሊያዛውረው ወይም በሌላ መድኃኒት ሊተካው ይችላል። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው ከስንት አንድ ነው።

በፍስክ ቀን ከምሳ በኋላ የሚሰማዎት ድካም ግን የዚህ ተቃራኒ ሳይሆን አይቀርም። የደም ስኳር ወደ 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ደርሶ ሲያልፍ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ማስወጣት ይጀምራል፤ ስኳሩም ውሃ ይዞ ስለሚወጣ ሰውነት ይደርቃል፣ ሌሊትም ለሽንት ሲነሱ እንቅልፍ ይቆራረጣል። በደም ውስጥ ስኳር ሞልቶ ሳለ ኢንሱሊኑ በሚገባ ስለማይሠራ ጡንቻው የሚያቃጥለውን አያገኝም። ሰውም የሚለው ያው «ደከመኝ» ነው። የስኳር መውረድም የስኳር መውጣትም ሰውን ስለሚያዝሉ፣ በስሜት ብቻ መለየት ለብዙ ዓመት በሽታውን ለሚያውቅ ሰው እንኳ ይከብዳል።

እንግዲህ የባልደረቦችዎን ፍቅር ባላቃልልም ለስላሳው ስኳርዎ ሳይለካ መምጣት የለበትም። የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ስኳርዎ 250 ላይ ሳለ ይህን መጠጣት ድካሙን ያባብሰዋል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ግን ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለክተው ካልተነሣ ይድገሙት፤ ከተነሣ በኋላ እህል ይቅመሱ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ጾሙ በዚያው ሊፈታ ይገባል። እያላበዎትና እየተንቀጠቀጡ መለኪያ በእጅዎ ከሌለ ግን ሳይጠብቁ ስኳሩን ይውሰዱ።

የመለኪያው ስትሪፕ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ድካሙ ሲመጣ፣ ሌላውን ምሳ ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። የሒሳብ ሰው ነዎትና ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የበሉትንና የተሰማዎትን በአንድ ደብተር ላይ በየዓምዱ ይመዝግቡ። ለአብዛኛው ሰው ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች መሆን ጥሩ ነው። ያ ደብተር እኔ ከምሰጥዎት ማናቸውም ምክር ይልቅ የራስዎን ሰውነት ያስረዳዎታል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የእግርዎ መቆጥቆጥ ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12 በሚገባ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮው የሚገኘው በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታው፣ የነቢያቱ፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲጨመርበት እርስዎ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ ቫይታሚኑ ከሚገኝበት ምግብ ርቀው፣ የሚቀረውንም መድኃኒቱ እየቀነሰብዎት ይኖራሉ። ጉድለቱ ድካም፣ የደም ማነስ፣ የመርሳት ችግርና የእጅ እግር መደንዘዝ ያመጣል። መደንዘዙን ሁሉም ሰው በስኳር ላይ ስለሚያሳብብ ጉድለቱ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ፣ ነርቭም ላይመለስ ሊጎዳ ይችላል። እንደ እኔ እምነት በእኛ አገር ሜትፎርሚን የሚወስድና አጽዋማትን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የቢ 12 ምርመራ ሳይጠይቅ መቆየት የለበትም። ጉድለቱ ከተገኘ በክኒን ወይም በመርፌ ይታከማል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ የጾም ማዕድ ለስኳር ታማሚ መጥፎ አይደለም። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው በጎ ምግቦች ናቸው። የሚጎዳው በየዓይነቱ ላይ ድንቹ፣ ሩዙና ፓስታው ተደርበው እንጀራ ሲጨመር፣ ወይም ምሳው ፍርፍር ሆኖ እንጀራ በእንጀራ ሲበላ ነው። ጤፍ ስለሆነ አይጎዳም የሚለውን አባባል አይቀበሉ፤ መጠኑ ነው ወሳኙ። ሙሉ እንጀራ የሚበሉ ከሆነ በግማሽ ይሞክሩትና ደብተሩ ምን እንደሚል ይዩ። ጎመኑን ወይም ሰላጣውን በማንኪያ አስቀድመው ምስሩን ቢያስከትሉና እንጀራውን ወደ መጨረሻ ቢያደርጉት የደም ስኳርዎ ቀስ ብሎ ይጨምራል። አብሮ መብላት ባለበት «በሞቴ» እየተባለ የሚመጣውን ጉርሻ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ጓደኞችዎ ሕመምዎን ስለሚያውቁ ጉርሻው የጎመን እንዲሆንልዎ በግልጽ ይጠይቋቸው። ስፕሪሱም ሆነ ሌላው ጭማቂ ከፍራፍሬ ቢሠራም እንደ ለስላሳ ይቆጠር። ማኪያቶውም ያለ ስኳር ይሁን። በፍስክ ቀን ቁርስዎ ላይ እንቁላል ቢገባ መልካም ነው።

ከምሳ በኋላ ወዲያው ወንበርዎ ላይ አይቀመጡ። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ ለ15 ደቂቃ ያህል በእግርዎ ሄደው ቢመለሱ የሚሠራው ጡንቻ ስኳሩን ከደም ውስጥ ይስባል፤ ብዙ ሰዎች በዚህ ብቻ የከሰዓቱ ድብታ ሲቀልላቸው ያያሉ። ጫማዎ ምቹ ይሁን፤ እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነም ማታ ማታ ቁስል እንደሌለበት ይመልከቱ።

ጾሙን ልተው ወይ ላሉት፣ መተው የግድ ነው አልልም፤ ነገር ግን በሰዓት መቆየቱንና ከፍስክ ምግብ መከልከሉን ለይተው ይዩአቸው። አሁን ባለው ክኒንዎ አደገኛው እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ነው፤ የጾም ምግብን ጠዋት በልቶ ክኒኑን መውሰድ ግን ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለችና ሐኪምዎ የነገሩዎትን ይዘው ንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ለቀጠሮዎ ሲሄዱ ደብተሩንና የክኒኖቹን ካርቶን ይያዙ። ከቢ 12 ጋር የደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ፣ የኩላሊትና የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። የደም ማነስ ካለ የሦስት ወሩ ውጤት ትክክለኛውን ላያሳይ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሁለቱን ውጤቶች ከደብተርዎ ቁጥሮች ጋር አስተያይቶ እንዲያስረዳዎት ያድርጉ።