የአባት ካፖርት ለምን ይሸታል? ስለቆየ የሱፍ ልብስ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሐዋሳ ላይ ካፖርት የሚያስለብስ ብርድ በዓመት ስንት ቀን ነው? ከአሰላም ይሁን ከደብረ ብርሃን የመጣ የሱፍ ልብስ እዚህ ሲደርስ ሳጥን ይገባል፤ ዓመታትም ያልፋሉ። አንድ ቀን ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ወደ ደጋ መውጣት ይመጣና ሳጥኑ ሲከፈት ሽታው ከልብሱ ቀድሞ ይወጣል። በልብስ ስፌትና እጥበት ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ስለቆየሁ እንዲህ ያለ ልብስ ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ሰሞኑን «የሱፍ ልብስ ሽታ ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ የመጣው ጥያቄ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የአባቴን ካፖርት ከአሥር ዓመት በኋላ ከሳጥን አወጣሁት። ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። ሁለት ጊዜ አጠብሁት፤ ሊለቅ አልቻለም። በሦስተኛው ምን ልጨምርበት? (ከታቦር)

መልስ፦ ምንም አይጨምሩበት፤ ማጠቡንም ይተዉት። ናፍታሊን በውኃ አይሟሟም ለማለት ይቻላል። ያቺ ነጭ ኳስ ሳጥን ውስጥ እያነሰች ሄዳ የምትጠፋው ሳትቀልጥ በቀጥታ ወደ ትነት ስለምትለወጥ ነው። ትነቷ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የገባው በአየር ነውና የሚወጣውም በአየር ነው።

ካፖርቱን ሰፊ የእንጨት መስቀያ ላይ ይስቀሉት። ቁልፎቹን ሁሉ ይፍቱ፤ ኪሶቹን ወደ ውጭ ይገልብጡ፤ ኮሌታውን ያንሡ። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት በረንዳ ላይ ይዋል፤ ማታ ጤዛው ሳይነካው ይግባ። በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ ገበሩ ወደ ውጭ ይሁን። ሙቀት ትነቱን ስለሚያፋጥነው በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ እርጥብ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገው የካውያ እንፋሎት ይስጡት። ለአሥር ዓመት የታፈነ ካፖርት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠው ሽቶ የሚያርከፈክፉበት ሰዎች አሉ፤ እነሱን በኋላ እመጣባቸዋለሁ።

ቸኩለው ከሆነ በደረቅ እጥበት የሚሠሩ ዘንድ ይውሰዱት። እነሱ በውኃ ፋንታ የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ናፍታሊንን ያሟሟል። ሲመልሱልዎት ግን የታሸገበትን ላስቲክ ወዲያው አውልቀው ያናፍሱት፤ የፈሳሹም ሽታ አለና።

ሽታው እስኪጠፋ ካፖርቱን ከጨቅላ ሕፃን ያርቁት። ጂ-ስድስት-ፒዲ የሚባለው ኤንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ናፍታሊን የነካው ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲደረግላቸው ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል። ኳሷን ራሷን ደግሞ ሕፃናት ከረሜላ ትመስላቸዋለች። እኔ በበኩሌ ከቤቴ ካስወጣኋት ቆየሁ።

ጥያቄ፦ «ሱፍ» ብዬ የገዛሁት ሙሉ ልብስ በእርግጥ ሱፍ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቋንቋችን ራሱ ያታልላልና። ሙሉ ልብስ ሁሉ «ሱፍ» ሲባል ስለኖረ በግ ያላየው ፖሊስተርም በዚሁ ስም ይሸጣል። ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ምዘዙና በወረንጦ ይዛችሁ ከውኃ አጠገብ ለኩሷት። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተችና አመዷ በጣት ሲነኩት ዱቄት ከሆነ ሱፍ ናት። ቀልጣ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሠራች ፕላስቲክ ናት። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ካሳየች ድብልቅ ናት። ፖሊስተር የሰውነት ቅባትን አጥብቆ ይይዛል፤ ማናፈስ ብቻውን አይበቃውም፤ ግን ያለ ብዙ ፍርሃት ይታጠባል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ለእውነተኛው ሱፍ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሐይቅ ዳር አካባቢ ነው፤ ምድር ቤት። የባለቤቴን የሠርግ ሙሉ ልብስ በላስቲክ አሽገን ቁም ሳጥን ውስጥ አኑረነው ነበር። አሁን ሻጋታ ይሸታል፤ ኮሌታው ሥርም ነጫጭ ነገር ይታያል። በበረኪና ብነካካው?

መልስ፦ በረኪናውን መልሰሽ አስቀምጪ፣ እኅቴ! ሱፍ ማለት ጸጉር ነው። በረኪና ቢጫ ያደርገዋል፤ ሲበረታ ደግሞ ጨርሶ ያሟሟዋል። የደረሰብኝ ነውና የምናገረው፤ ዝርዝሩን ተዪኝ።

መጀመሪያ ምን እንደ ተፈጠረ ላስረዳ። ሱፍ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ጠጥቶ ሲነኩት ደረቅ ሊመስል ይችላል። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ካፖርት 600 ግራም ያህል ውኃ ተሸክሞ «ደርቄያለሁ» ይላል ማለት ነው። እናንተም አምናችሁት በላስቲክ አሸጋችሁት። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ይመቸዋል፤ በሐይቅ ዳር ምድር ቤት፣ በክረምት፣ ላስቲክ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ምቾት ከየት ይመጣል?

ልብሱን ከነላስቲኩ ወደ ውጭ አውጪውና እዚያ ክፈቺው፤ ቤት ውስጥ ከተከፈተ ዱቄቱ ወደ ሌላው ልብስ ይዛመታል። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይንካው። ሳይደርቅ አትቦርሺው፤ እርጥብ ሻጋታ ሲታሽ ወደ ክሩ ይገባል። ገልብጠሽ ለአንድ ሰዓት ያህል የጠዋት ፀሐይ ስጪው፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በጥላ ይዋል። ሲደርቅ ለስላሳ ቡርሽ ይዘሽ፣ ነፋሱን ከኋላሽ አድርገሽ፣ ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ ጥረጊው። የነጣው ቦታ ላይ ጨርቁን በሁለት አውራ ጣት ቀስ ብለሽ ወጠር አድርጊ፤ ከሳሳ ወይም ጠቅ ካለ ክሩ ተበልቷልና ለሰፊ አሳዪው።

ከዚያ በኋላ ለደረቅ እጥበት ይሄዳል። ሙሉ ልብስ በቤት ውስጥ በውኃ አይታጠብም፤ ደረቱ ላይ ያለው ንጣፍና የትከሻው ጥጥ ተጨማድዶ ይቀራል። ከታጠበም በኋላ ሽታው ካለ ብዙ ጊዜ የሚሸተው ሱፉ ሳይሆን ገበሩ ነው። የኪስ ጨርቅ፣ የብብት ገበር፣ የትከሻ ንጣፍ፤ ሦስቱን ለየብቻ አሽትቺ። ገበር ማስቀየር አዲስ ልብስ ከማሰፋት በብዙ ይረክሳል፤ ሰዎች ግን አያስቡትም።

ቁም ሳጥኑንስ? ልብሱን አጽድቶ ወደ ሻገተ ሳጥን መመለስ ገላን ታጥቦ የላብ ሸሚዝ መልበስ ነው። ውስጡን በአቼቶ ወልውይው፤ ሁለት ቀን በሩን ከፍተሽ አድርቂው፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቂው።

ጥያቄ፦ እናቴ «በወይራ አጥኚው፣ ሁሉንም ሽታ ይገድላል» ትለኛለች። የወተት ዕቃውንም እንዲሁ ነው የምታደርገው።

መልስ፦ እናትሽ ስለ ወተት ዕቃው ልክ ናቸው፤ በእሱ አልከራከራቸውም። ሱፍ ግን ቅል አይደለም። ጭስ ማለት ዘይትነት ያለው ጥቃቅን ጥላሸት ነው፤ ጸጉራም ክር ላይ ይለጠፋል። ለሁለት ቀን ወይራ ይሸታል፤ በሦስተኛው ሻጋታና የከረመ ጭስ በአንድነት ይሸታሉ። ለዕጣንም መልሴ ያው ነው። እናትሽን እንዳታስቀይሚ ሳጥኑ ባዶ ሳለ ያጥኑልሽ፤ አናፍሰሽው ልብሱን ክተቺ።

ጥያቄ፦ ሽቶስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሽታ ላይ ሽታ ሲጨመር ሁለት ሽታ ነው።

ጥያቄ፦ በቲያትር ቤት ያሉ ሰዎች የማይታጠብ ልብስ ላይ ቮድካ ይረጫሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ አረቄ አለን። ይሠራል?

መልስ፦ ቮድካው እውነት ነው። ቀለምና ቃና የሌለው አልኮል የላብ ሽታ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ይቀንሳል፤ ሲተንም ከሽታው የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል። የቤት አረቄ ግን የራሱ ጠረን አለው፤ ካፖርትዎ ከለቅሶ ቤት ይልቅ ከአረቄ ቤት የመጣ ይመስላል። ከመድኃኒት ቤት 70 በመቶ አልኮል ይግዙ፤ ሁለት እጅ አልኮል ለአንድ እጅ ውኃ ይበርዙት፤ በመርጫ ጠርሙስ ብብቱንና ኮሌታውን ከውስጥ በኩል በስሱ ይርጩ። አስቀድመው በማይታይ ቦታ ይሞክሩት፤ ገበሩ ቀለም ሊለቅ ይችላል። ከእሳትና ከካውያ ይራቅ። ለናፍታሊንም ሆነ ለሻጋታ መድኃኒቱ ይህ አይደለም፤ ለላብ ነው።

አቼቶ የጠየቃችሁም ነበራችሁ። ነጩ አቼቶ፣ አንድ እጅ ለአራት እጅ ውኃ፣ ሱፍን አይጎዳም፤ ሱፍ ቀላል አሲድ ይችላል። የማይችለው አልካሊ ነው። ስለዚህ ቤኪንግ ሶዳ ደረቁን በሰሃን አድርጋችሁ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በውኃ በጥብጦ ሱፍ መዘፍዘፍ ግን አይቻልም። ከሰልም እንዲሁ በክፍት ዕቃ ሆኖ ልብሱን ሳይነካ ይቀመጥ፤ ሽታ ይስባል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ።

ጥያቄ፦ እኔ አዳማ ነኝ። ከልባሽ ተራ የሚያምር የቆየ የሱፍ ጃኬት ገዛሁ፤ የመጋዘን ሽታው ግን ያስነጥሳል።

መልስ፦ ለእርስዎ ነፋሱ በነጻ ተሰጥቶዎታል። ከተማዎ አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ሁለት ሳምንት የሚፈጀው እዚያ በአንድ ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ችግርዎ አቧራው ነው፤ ስለዚህ ጃኬቱን አሮጌ ስስ አንሶላ አልብሰው ይስቀሉት፤ ነፋሱ ያልፋል፣ አቧራው ይቀራል። ከመልበስዎ በፊት ስፌቶቹንና የኮሌታውን ሥር በብርሃን ይመርምሩ። የብል እንቁላል ወይም ትል ይዞ ቤት ከገባ የሌላውንም ልብስ ይበላል።

ጥያቄ፦ ፍሪዘር ውስጥ ቢያድር ሽታው ይሞታል የሚባለውስ?

መልስ፦ ሽታው ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ ሲሞቅ ይነቃል። ፍሪዘር የሚገድለው ብልን ነው፤ በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሁለት ሳምንት። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቀኑን እንደገና መቁጠር ነው።

ጥያቄ፦ ከመንዝ የመጣ የአያቴ በርኖስ አለ። የማገዶ ጭስና የቆየ ቅቤ ይሸታል። በእንዶድ ማጠብ ይቻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድሁት። መጀመሪያ ግን ልጠይቅዎት፤ ጭሱ ራሱ የአያትዎ መታወሻ አይደለም? ቅቤውን አስወጥተው ጭሱን በመጠኑ የተዉ ደንበኞች አሉኝ፤ አልፈረድሁባቸውም።

ቅቤው ያለበት ቦታ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሰው ያሳድሩት፤ ጠዋት ይቦርሹት። ቅባቱ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ። በርኖስ ገበርና ንጣፍ ስለሌለው ውኃ ይችላል፤ የማይችለው የሞቀ ውኃና ማሸት በአንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የሱፍ ክር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው፤ ሙቀትና እሽታ ሲያገኝ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ አይፈቱም። ልጅ ሳለሁ የአባቴን ሹራብ በፈላ ውኃ አጥቤ ታናሽ ወንድሜን አለበስሁት። አባቴ አልተቆጣም፤ ግን ሹራቡን ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር፤ ከቁጣ የባሰ ነው።

ስለዚህ ውኃው ለብ ያለ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ይሁን። እንዶድ አረፋውን የሚያገኘው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እንደ ዱቄት ሳሙና አልካሊነት የለውም። ፍሬውን ወቅጠው በውኃ ይዘፍዝፉና በጨርቅ ያጥልሉት፤ ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላልና ይጠንቀቁ። ካላገኙ የጸጉር ሻምፖ ይበቃል፤ ሱፍም ጸጉር ነው። ዱቄት ሳሙና ግን ይቅር፤ ብዙዎቹ ፕሮቲን የሚበላ ኤንዛይም አለባቸው። ልብሱን እየተጫኑ ይልቀቁት እንጂ አይሹት፤ ሲያለቀልቁም ውኃው እኩል ለብ ያለ ይሁን። አይጨምቁት፤ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት። ከዚያ ጠፍር አልጋ ካለ ንጹሕ አንሶላ ያንጥፉበትና ላዩ ላይ ይዘርጉት፤ ከሥርም ከላይም አየር ያገኛል። እርጥቡን ከሰቀሉት በራሱ ክብደት ይረዝማል።

የእንዶዱን ውኃ ወደ ሐይቁ በሚወስድ ቦይ አይድፉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን የቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ መንገድ ያገኙት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ዓሣንም ይጎዳል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከጸዳ በኋላ የት ላኑረው?

መልስ፦ በአሮጌ የጥጥ አንሶላ ጠቅልሎ፣ ያለ ላስቲክ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ። ብል የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን ሱፍ ነውና ቆሽሾ አይግባ። የጥድ እንጨት ወይም ቅርንፉድ ብሉን ቢያሸሽ እንጂ አይገድለውም። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ቀን አውጥታችሁ አናፍሱት፤ የካቲት ላይ ድገሙት።

ጥያቄ፦ ሽታው መጥፋቱን እንዴት አውቃለሁ? አፍንጫዬ ለምዶታል። ደግሞ ጠፋ ስል ዝናብ ሲነካው ይመለሳል።

መልስ፦ የተመለሰ መስሎህ ነው፤ አልሄደም ነበር። ሱፍ እርጥበት ሲጠጣ ውኃው ቦታውን ይወስድና ክሩ ውስጥ የተደበቀውን ሽታ ያስወጣዋል። ይህንኑ መፈተኛ አድርገው። እርጥብ ጨርቅ ብብቱ ላይ አድርገህ ለብ ባለ ካውያ ተጫነው፤ እንፋሎቱ ሲነሣ አሽትት። እርጥብ በግ ብቻ ከሸተተ ጨርሰሃል፤ የሱፍ የራሱ ጠረን እሱ ነው። ሌላ ነገር ካለበት ወደ በረንዳው ይመለስ። አፍንጫህን ካላመንኸው ጎረቤት ጥራ፤ ቡና እየጠጣ ያለውን ግን አትጥራ።