እጅ ሥራ የሚፈታው ምን ሲጎድለው ነው?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ሥራና ስለ ውጤታማነት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው የብዙ ሠራተኞችን እንጀራ የሚነካ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ፤ የሌሎቹ መልስ አጠር ይላል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ 22 ሰፊዎች ያሉበትን መስመር እቆጣጠራለሁ። ጠዋት ሥራው ጥሩ ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን ምርቱ ይወርዳል፣ ሳምንቱ ሲጋመስ ደግሞ ይብሳል። ባለቤቱ ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ብለው ስላመኑ ከመጪው ወር ጀምሮ ደመወዙ ቀርቶ በቁራጭ፣ ማለትም በሰፉት ብዛት እንዲከፈላቸው፣ በየቀኑም ሁለት ሰዓት እንዲጨመርባቸው ወስነዋል። እኔ አብሬያቸው ስውል ስንፍና አላየሁባቸውም፤ ነገር ግን ምን ብዬ እንደምከራከር አላውቅም። ሰው በሥራው ውጤታማ እንዲሆን የሚያስፈልገው ምንድን ነው?

መልስ፦ አብሽሩ እህታችን። ክርክሩን በቃል ብቻ ከጀመሩት ይሸነፋሉ፤ ባለቤቱ ገንዘባቸውን አውጥተው የቀጠሩ ሰው ናቸውና «ልጆቹ ጎበዞች ናቸው» የሚለውን ምስክርነትዎን እንደ ርኅራኄ ይቆጥሩታል። የተጻፈ ነገር ይዘው ቢገቡ ግን ቁጭ ብለው ለማየት ይገደዳሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር ይግዙና ለሦስት ቀን ከመስመሩ ዳር ይቁሙ። የአንዲት ሰፊ እጅ ከማሽኑ ላይ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን እየጠበቀች እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደቆየች ይጻፉ። ስሟን አይጻፉ፤ ስም ከተጻፈ ልጆቹ የተሰለሉ ስለሚመስላቸው ሥራ ባይኖርም እጃቸውን ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ መረጃውም ይበላሻል። የሚጽፉት ለምን እንደሆነም አስቀድመው ይንገሯቸው።

ደብተርዎ ላይ ምን እንደሚሰፍር ከወዲሁ መገመት እችላለሁ። ነጭ ክር አልቆ ሌላ ለማውጣት የእቃ መጠየቂያ ቅጽ ተሞልቷል፣ የሚፈርመው የእቃ ቤቱ ኃላፊ ግን ምሳ ወጥቷል። መርፌ ተሰብሯል፣ መካኒኩም ከወዲያኛው መስመር እስኪመለስ ይጠበቃል። ቆራጩ የእጅጌውን ጨርቅ አብዝቶ የአንገትጌውን አሳንሶ ልኳል። አንገትጌ የምትሰፋው ልጅ አንዱን ለመጨረስ እጅጌ ከምትሰፋው እጥፍ ጊዜ የሚወስድባት ከሆነ ደግሞ፣ ከእሷ በኋላ የተቀመጡት ሁሉ ቢተጉም ባይተጉም የሚሄዱት በእሷ ፍጥነት ነው፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ግን እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ ሰነፎች ይመስላሉ።

ይህን በድፍረት የምጽፈው እኔም በዚሁ ነገር የተሳሳትኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። በወጣትነቴ በአንድ የፈተላ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ሳለሁ፣ ከማሽኗ የሚወጣው ክር ከጓደኞቿ ሁሉ ያነሰ አንዲት ልጅ ነበረች። ሁለት ጊዜ በቃል ገሠጽኳት፤ በሦስተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩና በእጄ ፈረምኩበት። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፤ ደብዳቤውን አጥፋ በሽርጧ ኪስ ከተተችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌላ ጉዳይ እሷ ዘንድ ግማሽ ሰዓት ያህል ስቆም፣ ክሩ በየደቂቃው ሲበጠስና እሷም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሮጠች ስትቀጥል አየሁ። ከሁሉም በላይ የምትሠራው እሷ ነበረች። የጥጥ ክር አየሩ ሲደርቅ ቶሎ ይበጠሳል፤ የፈተላ ክፍል እርጥበቱ ተጠብቆ መያዝ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። በእሷ በኩል ያለው የእርጥበት መስጫ ከተበላሸ ሰንብቶ ኖሯል፤ እኔ ግን ወደ ላይ ቀና ብዬ አላየሁትም። ደብዳቤውን ከማኅደሯ አስወጣሁት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት፤ ቢሆንም ያን ዝምታዋን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በአገራችን በ2004 ዓ.ም. ካይዘን የተባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስተምረው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች «አምስቱ ማ'ዎች» የሚባሉትን፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅን በግድግዳቸው ላይ ለጥፈዋል። ትምህርቱ መልካም ነው። ሆኖም በአንዳንድ ቦታ ሥራው ወለል ጠርጎ እንግዳ ከመቀበል አላለፈም። ለእርስዎ መስመር የሚጠቅመው ሁለተኛው «ማ» ነው፦ መርፌ፣ ክርና የተጠቀለለ ቦቢን የያዘ አንድ ሳጥን ሰፊዋ ሳትነሣ በምትደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ በቀኑ መጨረሻም ተቆጥሮ ይሞላ። ባለቤቱ እቃቸው እንዳይጠፋ ቢሰጉ አይፈረድባቸውም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ፋብሪካዎቿ ሲዘረፉ ባየች ከተማ የእቃ ቤት ቁልፍ ቢጠብቅ የሚያስገርም አይደለም። ግን በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለ መርፌ ቢጠፋ የሚያደርሰውን ኪሳራና 22 ሰዎች ፊርማ ሲጠብቁ የሚጠፋውን ሰዓት ጎን ለጎን ጽፈው ያሳዩዋቸው።

አሁን ወደ ከሰዓት በኋላው እንምጣ። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች፣ ከእሷም የምትሞቅ ከተማ ናት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በስምንት ሰዓት ያለውን ሙቀት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ውሃ የሚጠጡ ስንቶቹ ናቸው? ብዙ ጊዜ ልጆቹ ውሃ የማይጠጡት ውሃ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ስለሚያሳፍራቸው ነው። ፈቃድ የሚባለውን ነገር ያንሡላቸውና የሚሆነውን ይመልከቱ። ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡትንም ይጠይቁ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከቤት የወጣች ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት ባዶ ሆዷን ከሰፋች፣ ምሳ ስትበላ የሚጫጫናት እንቅልፍ የሰውነቷ እንጂ የጠባይዋ ጉድለት አይደለም።

በተለይ ለሴት ሠራተኞች የደም ማነስ ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ አንድ ጥናት፣ በኢንዶኔዥያ የጎማ ዛፍ ፈሳሽ ከሚቀዱ ሠራተኞች መካከል ደም ያነሳቸው ምርታቸው ዝቅተኛ እንደነበረና የብረት እንክብል ከተሰጣቸው በኋላ ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ሳምንቱ ሲጋመስ የሚዝሉ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩ፣ የዓይናቸው ሽፋን የውስጥ በኩል የገረጣ ልጆች ካሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲመረመሩ ፈቃድ ይስጧቸው። ከምሳ ጋር የሚጠጣው ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያግድ፣ ሻዩን ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ወጪ የሌለው ጥሩ ልማድ ነው። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ወራት ደግሞ የወሎ ልጆች ራሳቸው መላውን ያውቁታል፤ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ከባዱን ሥራ ከቀትር በኋላ እንድትይዝላት፣ በተራዋም እንድትመልስላት ቢፈቅዱላቸው ማስተባበሩ ለእርስዎ አይከብድም።

ስለ ቁራጭ ክፍያ ያለኝን በግልጽ ልናገር። ሥራው ሳይቋረጥ የሚፈስ ከሆነ በቁራጭ መክፈል ትጉዋን ሊጠቅም ይችላል። እርስዎ ዘንድ ግን ክር ሲያልቅ፣ ማሽን ሲቆም፣ መብራት ሲጠፋ የሚባክነው ሰዓት ዛሬ የባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ በቁራጭ ሲሆን ግን ያው ኪሳራ ወደ ሰፊዋ ኪስ ይዞራል፣ ባለቤቱም ችግሩን ለማስተካከል የሚገፋፋቸው ነገር ይቀራል። ይህ ደግሞ ለድርጅቱ ራሱ የሚጎዳ ነው።

ሁለት ሰዓት መጨመሩም በሕግ በኩል ይታይ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖርና በማያቋርጥ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት እንጂ እንደ መደበኛ ፕሮግራም አይደለም፤ ጣሪያውም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። በቀን 2 ሰዓት ለስድስት ቀን ሲባዛ 12 ሰዓት ይሞላልና ባለቤቱ ያሰቡት ከጣሪያው ጋር የሚገናኝ ነው። ክፍያውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሌሊት ደግሞ 1.75 እጥፍ ነው። ለደከመ እጅ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍሎ ጠማማ ስፌት መቀበል ምን ዓይነት ትርፍ ነው? በጀርመኗ የና ከተማ የካርል ዛይስ የመነጽርና የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ፣ በኤርንስት አቤ አመራር እ.ኤ.አ. በ1900 የቀኑን ሥራ ከ9 ወደ 8 ሰዓት ሲያወርድ ምርቱ በጥቂቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ባለቤቱ ዘንድ ሲገቡ ውሳኔያቸውን እንዲሽሩ አይጠይቋቸው፤ አንድ ወር እንዲያዘገዩት ይጠይቁ። በዚያ ወር ሳጥኑን፣ ውሃውን፣ ሁለት አጫጭር ዕረፍቶችንና ለአንገትጌው ሥራ አንድ ተጨማሪ ሰፊ ይሞክሩ፤ የየቀኑን ምርትም በዚያው ደብተር ይመዝግቡ። ውጤቱን ይጻፉልን።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማኅደር ባለሙያ ነኝ። ከጠዋቱ 2፡30 ገብቼ 11፡30 እስክወጣ አንድም ጊዜ ቁጭ ብዬ ሳላርፍ እውላለሁ፤ ማታ ግን ዛሬ ምን ሠራሁ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልስ አጣለሁ። ባለጉዳይ ይገባል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ለስብሰባ እጠራለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነውን?

መልስ፦ ከፊሉ የእርስዎ፣ የሚበዛው የአሠራሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው፤ ሰዓቱ የሚያንሰው በብዛቱ ሳይሆን በመቆራረጡ ይመስለኛል። አንድ ማኅደር ከፍተው የመሬት ይዞታ ታሪክ ከመጀመሪያው እያነበቡ ሳለ ሰው ቢጠራዎት፣ ሲመለሱ ያቆሙበትን መስመር ብቻ ሳይሆን ያነበቡትንም ከራስ መፈለግ አለብዎት። በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ ከሆነ ማኅደሩ ሳያልቅ ቀኑ ያልቃል።

ለኃላፊዎ አንድ ነገር ብቻ ያቅርቡ፦ ከሁለት ባለሙያዎች አንዱ ከ2፡30 እስከ 4፡30 ባለጉዳይ ሲያስተናግድ ሌላው በሩን ዘግቶ ማኅደር ይመርምር፤ ከዚያ ይለዋወጡ። ባለጉዳዩም ቢሆን ከዳውዶ ወይም ከኩታበር ተነሥቶ መጥቶ በየመሐሉ በሚነሣ ባለሙያ ፊት ከሚቆም፣ ሙሉ ትኩረቱን በሰጠ አንድ ሰው ቢስተናገድ ይመርጣል። ስልክዎን በእነዚያ ሁለት ሰዓታት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ፤ የቴሌግራም መልእክት እስከ 4፡30 ቢቆይ አይጎዳም።

ማኅደር ፍለጋውም ራሱን የቻለ ሥራ በላ ነው። አንድ ማኅደር ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ማን እንደወሰደውና መቼ እንደወሰደው የተጻፈበት ካርቶን ይቀመጥ። ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም፤ «እከሌ ጠረጴዛ ላይ አይቼው ነበር» እየተባለ ከክፍል ክፍል የሚባክነውን ጊዜ ግን ያስቀራል። መብራት ወይም ሲስተም ሲጠፋ የሚሠሩ ሥራዎችንም፣ እንደ ማኅደር ማጣራትና የጎደሉ ሰነዶችን መመዝገብ ያሉትን፣ አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ፈረቃዬ በየሳምንቱ ይቀያየራል። በቡና ብዛት ነው የምቆመው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቡና እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም። በውስጡ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ልትተኛ ካሰብክበት ሰዓት ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀድመህ አቁም፤ ከቤተሰብ ጋር በሚጠጣው ቡና ላይ አቦሉን ቅመስና በረካውን በምርቃት ተቀበል። ፈረቃው የሚዞርበትን አቅጣጫም ለኃላፊህ አንሣ፤ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት የሚሄድ ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ከሚዞረው ይልቅ ለሰውነት ይቀላል።

ከሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጋር በየቀኑ የሚደረገው የደርሶ መልስ ጉዞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ሲጠበቅ የሚያልፈውም ይጨመርበት። የሌሊት ፈረቃ ባለህበት ሳምንት ብቻ ከሁለት ወይም ከሦስት የሥራ ባልደረቦችህ ጋር ኮምቦልቻ ላይ አንድ ክፍል ብትከራዩ፣ የምትቆጥቡት የመኪና ሂሳብ ከኪራዩ ይካካስ እንደሆነ አስሉት። ክፍሉን ስትመርጡ በሩ ወደ መንገድ ያልዞረውን ውሰዱ፤ መስኮቱንም በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሸፍኑት፣ ቀን ለሚተኛ ሰው ከፍራሹ ይልቅ ጨለማው ይበልጥበታልና።