መልስ፦ አቼቶ፣ ማንቆርቆሪያና በረኪና
እህቴ፣ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የተጋገረው ነጭ ነገር አቼቶ ሲነካው ለምን አረፋ እንደሚያወጣ፣ በረኪና ቢጨመርበት ይፈጥን እንደሆነም ጠይቀሻል። ከበረኪናው ልጀምር፤ በፍጹም እንዳትቀላቅዪው! በረኪና እንደ አቼቶ ያለ አሲድ ሲያገኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በጠባብ ኩሽና ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

ነጩ ነገር በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ በፈላ ቁጥር ካርቦኔቱ ትንሽ ትንሽ እየተለየ ይጋገራል። አቼቶው ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ሲያገኘው ካልሲየም አሲቴት የሚባል ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አረፋው ይኼ ጋዝ ነው። ጨው ስልሽ የወጡን ማለቴ አይደለም፤ ይኼኛው ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ታጥቦ ይሄዳል። አቼቶውን በውሃ አቅጥነሽ ሞቅ አድርጊው፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። ሎሚም ይሆናል።

አንዳንዶች ቤኪንግ ሶዳም አብረሽ ጨምሪ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሶዳው ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ አሲዱን ይጨርሰዋል፤ አረፋው ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ለተጋገረው የሚተርፍ አሲድ የለም።

ማንቆርቆሪያሽ አልሙኒየም ከሆነ አቼቶውን ብዙ አታቆዪበት፤ ራሱን ማንቆርቆሪያውንም ይበላዋል።