ጉትቻው ጠርቶ መንጠቆው ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ ሐረር መኪና ግርግር አጠገብ የብር ጌጥና ስፌት እሸጣለሁ። ፎቶውን ራሴ አንስቼ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ፉል ፍሬም (ምስል መቀበያው ሰፊ የሆነ) ካሜራና 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ለቅርብ ፎቶ የሚሆን) ሌንስ አለኝ። ጉትቻ ተጠግቼ ሳነሳ ፊቱ ጥርት ይላል፣ መንጠቆው ግን ብዥ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ በኤፍ 22 ስሞክር ደግሞ ሁሉም ፈዘዘብኝ። አንድ ወዳጄ «50 ሚሊ ሜትር ግዢና ተገላገይ» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ አቦ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ! ጉትቻው ፍሬሙን እኩል እስከሞላው ድረስ በ50ም ሆነ በ100 ከፊት እስከ ኋላ ጥርት የሚለው ውፍረት ያው ነው። እንዲያውም 50ው ጌጡ ላይ ያስደፋሻል። ብር ደግሞ ሁሉን ያንጸባርቃል፤ ሌንሱም ጥላሽም ፎቶው ውስጥ ይገባሉ።

በቅርበት ስታነሺ ወሳኞቹ ሁለት ናቸው፤ ጌጡ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ገጽ) ላይ የሚያርፍበት መጠንና አፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። በኤፍ 8፣ ጌጡ ሴንሰሩ ላይ በራሱ ልክ (አንድ ለአንድ) ሲያርፍ፣ የሚጠራው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከጉትቻው ላይ አንዷን የብር ፍሬ እንኳ ዳር እስከ ዳር አይሸፍንም። ትንሽ ራቅ ብለሽ በግማሽ ልኩ አንሺው፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ፎቶውን ቆርጠሽ ስታሰፊው ከዚያ ላይ ግማሽ ያህሉ ይሄዳል፣ ቢሆንም ከአንዷ ሚሊ ሜትር ይሻላል። ካሜራሽ 24 ሜጋፒክስል ከሆነ ከቆረጥሽውም በኋላ 6 ይቀርሻል፤ ለቴሌግራም ይተርፋል።

ኤፍ 22 የፈዘዘብሽ በሌንሱ ጥፋት አይደለም። በራሱ ልክ ስታነሺ ኤፍ 22 እንደ ኤፍ 44 ነው የሚሠራው። ብርሃን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፣ ጥራቱም አብሮ ይወርዳል። እኔ ከኤፍ 11 አላልፍም።

አሁን ዋናው። ጉትቻውን አታንጠልጥይው፣ አስተኚው። ካሜራውን በላዩ ቀጥ አድርገሽ ሴንሰሩ ከጌጡ ጋር እኩል እንዲተኛ አድርጊ። መንጠቆውንም ወደ ጎን አጋድሚው፤ ያኔ ከፊቱ ጋር አብሮ ይጠራል። ሙዳይ ከሆነ ግን ክዳኑ ጉብ ያለ ነው። ጫፉ ላይ ፎከስ ካደረግሽ የሚጠራው ግማሹ አየር ላይ ይባክናል፤ በቅርበት ጥራቱ ከፎከሱ ፊትና ኋላ እኩል ነው የሚካፈለው። «አንድ ሦስተኛ ከፊት፣ ሁለት ሦስተኛ ከኋላ» የሚሉሽን እዚህ አትስሚ። ፎከሱን ከጫፉ ዝቅ ያለው ስፌት ላይ አድርጊ።

ትራይፖድ የግድ ነው፤ ሹተሩንም በ2 ሰከንድ ታይመር ልቀቂው። ሰፈርሽን ስለማውቀው ነው የምለው፤ ጎረቤት ልብስ ሰፊው መኪናውን ሲረግጥ ጠረጴዛሽ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሊጠጣ ሲነሳ ጠብቂ።

ፎከሱን እያንሸራተቱ ብዙ አንስቶ በኮምፒውተር ማዋሃድም አለ። ለካታሎግ ያምራል። በቀን ሃያ ጌጥ ለምትለጥፍ ሴት ግን ጣጣ ነው። ለቸኮለ ደንበኛ ስልክሽም ይበቃል፤ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆውን ብዙም አያደበዝዝም።