መልስ፦ የጎልፍ መኪና በጎንደር አስፋልት ላይ

ለሆቴልዎ የጎልፍ መኪና (በጎልፍ ሜዳ ሰው የሚያመላልስ ትንሽ ክፍት ተሽከርካሪ) ገዝተው ያለ ታርጋ አስፋልት ላይ መንዳት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ከጎሃ ኮረብታ እስከ ፋሲል ግቢ እንግዶችን ለማመላለስ ሊገዙት ያሰቡትን ይህን መኪና ያለ ታርጋ አስፋልት ላይ መንዳት አይችሉም፤ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ባለሞተር ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀሰው ተመርምሮና ተመዝግቦ ታርጋ ሲያገኝ ነው፤ በባትሪ መሄዱም ከዚህ ነፃ አያደርገውም። ከሆቴሉ ቅጥር ግቢ የማይወጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን (በተሽከርካሪው አካል ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር) እና የጉምሩክ ሰነዱን ይዘው ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በመቅረብ፣ በየትኛው ምድብ ሊመዘገብ እንደሚችል በጽሑፍ እንዲገልጹልዎ ይጠይቁ። የሦስተኛ ወገን መድንም ሆነ የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ የሚወሰነው በዚሁ ምድብ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የብዙዎቹ የጎልፍ መኪኖች ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ፣ ባጃጆች እንኳ ሲቸገሩበት ያየሁትን የጎሃን ቁልቁለት ሰው ሞልተው እንዲወርዱበት አልመክርም።